ዜሮ የሚጻፍበት መዝገብ

በደቡብ ኦሞ ጉድጓድ የሚመረመረው በተቆፈረ ሰሞን ነው። የቁፋሮው ማሽን ሳይነሳ ፓምፑ ይሞከራል፤ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል፤ ጠርሙሶቹ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛሉ፤ ውጤቱ ማኅተም አርፎበት ይመለስና ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይታሰራል። ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ያጠጣል፤ ወረቀቱ ግን ያው የመጀመሪያው ነው። ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ከአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጥቼ ጂንካ ከገባሁ ወዲህ እንጀራዬ ከዚሁ ጠርሙስ ነው። የሙያህን ታሪክ ጻፍ ብባል የምለው እንዲህ ነው፦ በዚህ ምድር ናሙና ይወሰድ ነበር፣ ክትትል ግን አልነበረም። ናሙና የሚወስድ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ የሚከታተል ሰው ምንም እንደማያገኝ እያወቀም ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ተመላላሽ ሥራ በደቡብ ኦሞ ውሃ ላይ ሥር ይዞ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለጉድጓድ ሳይሆን ለትል ነበር።

ፓምፕ ከመምጣቱ በፊት ቆላው የሚጠጣው ከአሸዋ ሥር ነበር፤ ዛሬም ብዙው ሰው እንደዚያው ነው። ቱርሚ አጠገብ ያለው የከስኬ ወንዝ በበጋ ላየው ሰው ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው። ውሃው ግን አልጠፋም፤ ክንድ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ በአሸዋው ውስጥ ይሄዳል። የሐመር ሴቶች በእጅና በቅል ይቆፍራሉ፤ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ጨልፈው ይደፋሉ፤ የሚቀጥለውንም ይደፋሉ፤ ሲጠራ ወደ ጀሪካኑ ይገለብጣሉ። ከብት እንዳይገባበት እሾህ ያጥሩበታል። ድፍርሱን ደፍቶ የጠራውን መጠበቅ እኛ ተምረን የመጣነው የናሙና አወሳሰድ የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን የአሸዋውን ጉድጓድ ከላቦራቶሪ ላስተካክለው አልፈልግም። ምላስ ጨውን ያውቃል፣ አፍንጫ ብስባሽን ያውቃል፤ ፍሎራይድን ግን ማንም ቀምሶ አላወቀውም፤ ናይትሬትንም እንዲሁ።

መንግሥት በበኩሉ ውሃን የሚያውቀው ከደጋ ሆኖ ነበር። የጥንቱ የአስተዳደር መቀመጫ ባኮ ደጋ ላይ ነው፤ በኋላ የተተካው ጂንካም ምንጭ የማይቸግረው የአሪ አገር ነው። በንጉሡ ጊዜ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል በነበረው ሰፊ ግዛት ውስጥ ሹሙ የሚጠጣው የምንጭ ውሃ ነበርና የንያንጋቶምና የዳሰነች ኩሬ ጉዳይ ከቢሮው አይታይም ነበር። በጋሞ ጎፋ ካርታ ላይ ኦሞ ትልቅ ሰማያዊ መስመር ስለሆነ ቆላው ውሃ የሞላው ይመስላል፤ ከወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ የራቀ ሰው ግን የሚጠጣው የአሸዋ ሥር ውሃ ወይም የዝናብ ኩሬ ነው።

ትሉም የሚኖረው እዚያው ኩሬ ውስጥ ነበር። ጊኒ ዎርምን ያላየ ሰው ይህን ቢዘል ይሻለዋል፤ እኔ ግን ልዘለው አልችልም። በኩሬ ውሃ ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ደቃቅ ፍጥረት አለ፤ እሱ የትሉን እጭ ይውጣል፤ ሰው ውሃውን ሲጠጣ እጩን አብሮ ይጠጣል። ዓመት ገደማ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ሜትር የሚደርስ ክር የመሰለ ትል እግር ላይ ቆዳ ቀዶ ይወጣል። ስለሚያቃጥል ሰውዬው እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ትሉም እጮቹን እዚያው ኩሬ ውስጥ ይረጫል። ክትባት የለውም፣ የሚገድለው መድኃኒትም የለም። በእንጨት ላይ እየጠቀለሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሳብ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ በሽታው የቀረው በሁለት ቦታ ነበር፤ በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ። የማጥፋት ፕሮግራሙ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም የካርተር ማዕከልና የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያመጡት ነገር ሲታይ ቀላል ነው፦ የማጣሪያ ጨርቅ፣ ኩሬ ላይ የሚረጭ አቤት የተባለ ኬሚካል፣ እና በየመንደሩ አንድ በጎ ፈቃደኛ። ትል የወጣበት ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተገኝቶ ከኩሬ መራቅ አለበት። በጎ ፈቃደኛው በየወሩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ትል ባይኖርም ያደርጋል። እኔን የገረመኝ ይኸኛው ነው። መንደሩ ውስጥ አንድም በሽተኛ ከሌለ መዝገቡ ባዶ አይተውም፤ ዜሮ ይጻፍበታል። ባዶ ቦታ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት ግን ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ አጥቶ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ልዩነት በደቡብ ኦሞ ምድር መጀመሪያ በወረቀት ያሰፈሩት መሐንዲሶች አይደሉም፤ ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ የከብት አርቢ መንደር ልጆች ናቸው። ትሉ ከደቡብ ኦሞ ጠፋ። ጋምቤላ ውስጥ ዛሬም ውሻና ዝንጀሮ ላይ ሳይቀር ብቅ ስለሚል ሥራው አላለቀም፤ ዜሮው አሁንም ይጻፋል።

ጉድጓድ እንዲበዛ አንዱ ምክንያት ይኸው ትል ነበር። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ውስጥ ጊኒ ዎርም የለም። ስለዚህ ኩሬውን ትቶ ፓምፕ መትከል ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚክድ ካለ ትል ሲወጣ ያላየ ነው። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በየቦታው ተተከለ። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከኩሬው ስንሸሽ ክትትሉን እዚያው ኩሬው ዳር ጥለነው መጣን። የጉድጓድ ውሃ ስለጠራ ንጹሕ ነው ተባለ።

ባንግላዴሽም እንዲሁ ነው የሆነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል። ሕፃናት በተቅማጥ እንዳያልቁ ኩሬው ተትቶ ሕዝቡ ወደ ቱቦ ጉድጓድ ተወሰደ፤ ብዙ ሺህ ሕይወትም ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ከመሬቱ በተፈጥሮ የሚወጣ አርሴኒክ በጉድጓዶቹ ውስጥ ተገኘ። በኋላ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመርምረው አደገኛው ፓምፕ ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ ተቀባ።

እኛም የራሳችን ወንጂ አለን። የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ለሠራተኛው መንደር ጉድጓድ ተቆፈረ። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ነውና ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ይሟሟል። መጀመሪያ የልጆች ጥርስ ቡና ዓይነት መልክ ያዘ። ብዙ ዓመት በጠጡት ላይ ደግሞ አጥንት ደነደነ፣ ጀርባ ጎበጠ፣ አንገት መዞር እምቢ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት ይህን በስምጥ ሸለቆው ርዝመት ተከትሎ አሳየ። የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ጉድጓድ በስምጥ ሸለቆው ሙሉ ሞልቷል። የሸለቆው አንድ ክንድ ደግሞ በወይጦና በጨው ባሕር በኩል ወደ እኛ ይወርዳል።

ጨውን በተመለከተ ጎረቤታችን ቱርካና ያየው ይበቃል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የኬንያ መንግሥትና ዩኔስኮ ከድንበራችን ማዶ በሎቲኪፒ ሜዳ ሥር ግዙፍ የከርሰ ምድር ውሃ መገኘቱን አበሰሩ። በሳተላይትና በራዳር ታይቶ፣ በቁፋሮ ተረጋግጦ ነበር። ዓለም ሁሉ ዜናውን አስተጋባ። በኋላ ውሃው በደንብ ሲመረመር ለመጠጥ የማይሆን ጨው ሆኖ ተገኘ። ከሰማይ ሆኖ የውሃን መኖር ማወቅ ይቻላል፤ ጣዕሙን ለማወቅ ጠርሙስ ይዞ መውረድ ግድ ነው።

እስካሁን ያልኩት መሬት ራሷ የምታመጣውን ነው። ሰው የሚጨምረው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ በደቡብ ኦሞም የሚጀምረው በጥጥ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ጋር በሽርክና ኦሞራቴ ላይ የመስኖ እርሻ ተከፈተ፤ በወይጦ ሸለቆ የብራሌ ጥጥ እርሻ መጣ። ጥጥ ተባይ የሚወደው ተክል ስለሆነ መድኃኒት ይፈጃል። እርሻ ይከስራል፣ ባለቤት ይለወጣል፣ መጋዘን ይዘጋል፤ በርሜሉ ግን ይቀራል። በ1990ዎቹ የግብርና ሚኒስቴር ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ በመላ አገሪቱ በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ ሲሰበስብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ የተቃጠለው 1,500 ቶን ገደማ ነበር። በርሜሉ ሄደ። ከበርሜሉ ሥር የነበረው አፈር ግን በመርከብ አይሄድም፤ ዝናብ እያጠበ ወደ ታች ያወርደዋል።

ቀጥሎ ስኳር መጣ። በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚሁ ጂንካ በአርብቶ አደሮች ቀን ላይ የኦሞን ሸለቆ የስኳር ልማት አበሰሩ። ኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኦሞ በየዓመቱ ዳርቻውን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜም አከተመ። ሸንኮራ ማዳበሪያ ይበላል፤ የተረፈው ናይትሬት ከመስኖው ውሃ ጋር ይወርዳል። በመጠጥ ውሃ የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን የሚጎዳውም በይበልጥ በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ነው። እኔ በሄድኩባቸው እርሻዎች ሁሉ የመስኖ ቦይ አይቻለሁ፣ የውሃ ልኬት አይቻለሁ፤ ከእርሻው ግርጌ ለክትትል ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን አላየሁም።

የክትትል ጉድጓድ የሚባለው ነገር ሰው የማይጠጣበት ጉድጓድ ነው። ሙያው መልክ የያዘው አሜሪካ ውስጥ በመከራ ነው። ናያጋራ ፎልስ ከተማ ውስጥ ሁከር የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ላቭ ካናል በተባለ የተተወ ቦይ ውስጥ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ዝቃጭ ቀብሮ፣ አፈር አልብሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 መሬቱን ለትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈው። ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ ዙሪያውንም ቤት በዛ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዝቃጩ በየቤቱ ምድር ቤት ሲመነጭ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ በ1980 የተመረዘ ቦታ ማጽጃ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ጉድጓድ እንደ ምስክር መቆፈር የተለመደው።

አሠራሩ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ይፈልጋል። በሁለት ነጥብ ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም፤ በሦስት ግን የውሃውን ከፍታ ለክቶ አቅጣጫውን ማውጣት ይቻላል። አንዱ ከመርዙ በላይ ይሆናል፤ እሱ ውሃው ከመመረዙ በፊት ምን እንደነበር ይናገራል። ሌሎቹ ከታች ይሆናሉ። የላይኛው ከሌለ የታችኛው ምስክርነት አይጸናም፤ መርዙን ያመጣው ሰው «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይላል፣ ማንም አያሸንፈውም። የእኛ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ያጽዳ ይላል፤ መልካም ሕግ ነው። ግን በካዩ ማን እንደሆነ የሚናገረው የላይኛው ጉድጓድ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ሕግ አንብቦ አይቆፍረውም።

አሁን ወደ ሐመር ሴቶች ድፍርስ ልመለስ። በቱቦ ውስጥ የቆመ ውሃ የመሬቱ ውሃ አይደለም፤ አየር ነክቶታል፣ ብረት ነክቶታል። ስለዚህ ናሙና ከመቅዳት በፊት የቆመው መውጣት አለበት። የድሮው ደንብ የቱቦውን ሦስት እጥፍ አውጣ ይላል። አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ውስጥ ሃያ ሜትር ውሃ ቆሞ እንደሆነ ሦስት እጥፉ ወደ 470 ሊትር ይመጣል፤ ሃያ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ይህን በየካቲት ወር ቱርሚ ላይ፣ ወረፋ በያዙ ሴቶች ፊት መሬት ላይ አፍስስ የሚል መመሪያ የጻፈ ሰው ቱርሚን አያውቅም። ደግነቱ በመጠጥ ጉድጓድ ላይ ችግሩ በራሱ ይፈታል፦ ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው ሲቀዱ ስለቆዩ ቱቦው ጠርቶ ይጠብቀናል፤ ጠርሙሳችንን በተራችን እናስቀዳለን። በተመረዘ ቦታ ግን የሚወጣው ውሃ ራሱ ቆሻሻ ነውና በበርሜል መያዝ አለበት፤ ለተጠማ ሰው ደግሞ በርሜል ሙሉ ውሃ አሳይቶ መከልከል ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ባነሰ ፍጥነት ቀስ ብሎ መሳብ የመጣው ይህን ለማቃለል ነው። ውሃው ሲወጣ ሙቀቱ፣ ፒኤቹና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ መለዋወጡን እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ሲረጋ ይቀዳል።

ቀጥሎ መንገዱ አለ። ለብረታ ብረት የሚቀዳው ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ስለሚጨመርበት ወራት ይቆያል። ለናይትሬት የሚቀዳው በበረዶ ሆኖ በሁለት ቀን መድረስ አለበት። ለጀርም የሚቀዳው በሰዓታት ነው የሚበላሸው። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ኦሞራቴ ደግሞ ከጂንካ ሌላ የቀን መንገድ ነበር። ድሮ በከተማው መሐል ባለው የሣር ሜዳ ላይ፣ ላም ከሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታ አውሮፕላን ሲነሳ የአይስቦክሴ ነገር ከተሳፋሪው ይልቅ ያስጨንቀኝ ነበር። ዋግቴክ የሚባለው የሻንጣ ላቦራቶሪ ሲመጣ የጀርሙ ጉዳይ ተቃለለ፤ በ44 ዲግሪ ሙቀት እዚያው ወረዳው ውስጥ ይፈለፈላል፣ በማግሥቱ ቢጫ ነጥቡ ይቆጠራል። የነዳጅና የፀረ ተባይ ምርመራ ግን ዛሬም ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

መንገዱ ሌላም ነገር አድርጎናል፤ ይህን ያስተዋልኩት ጂንካ አቅራቢያ ካለ አንድ የእጅ ጉድጓድ ላይ ነው። ከጉድጓዱ በላይ ለረጅም ዘመን ነዳጅ የሚራገፍበት ግቢ ነበር። ውሃው ይሸታል ተብሎ ሄድን፤ አሸተትን፣ ምንም የለም። ቀዳን፤ ውጤቱ ደህና ነበር። ጠባቂው የአሪ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሽታው መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«ክረምት ሲበረታ ይመጣል ልጄ፣ ፀሐይ ሲሆን ይሄዳል። እናንተ ደግሞ የምትመጡት መንገዱ ሲደርቅ ነው።»

መልሱ በመጽሐፍ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ነዳጅ ከውሃ ይቀላል፤ ወደ መሬት የሰረገው በከርሰ ምድር ውሃው አናት ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ሲወርድ አፈሩ ላይ ተለቅልቆ ይቀራል። ክረምት ውሃው ሲነሳ የተለቀለቀውን አፈር ያጥበዋል፤ በኬሚስትሪ ቤንዚን (benzene) የሚባለው ካንሰር አምጪ ክፍሉም ያኔ ይሟሟል። ለሱ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ምላስም አፍንጫም ሳይሰማው ሊያልፍ የሚችል መጠን። እኛ ግን በጭቃ ምክንያት ክረምት ከጂንካ አንወጣም ነበር። ስለዚህ በየፋይሉ ያለው ወረቀት ሁሉ የበጋ ውሃ ምስክርነት ነው። የዳሰነች ጎርፍም እንዲሁ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በሌሊት መንደሮቹን ሲያጥለቀልቅ 364 ሰው አለቀ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ መንደርና ግጦሽ ውጧል። ሽንት ቤቱንና ጉድጓዱን አንድ የሚያደርገው ውሃ የሚመጣው ናሙና ቀጂ በማይደርስበት ወር ነው።

አዲስ አበባ ከእኛ አልተሻለችም፤ ብትሻልም ተመራማሪ በቅርብ ስላላት ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታምሩ ዓለማየሁና ሌሎች የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ተጋላጭነት ሲያጠኑ በመሐል ከተማ ምንጮች ውስጥ ናይትሬት ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከተማዋ የምትጠጣው የአቃቂ ጉድጓድ ደግሞ ተዳፋቱ ግርጌ ነው። ጂንካም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ክረምት አያግድም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ ባልደረቦቼ የነዳጁን ግቢ ቦታ በእርሳስ ሥዬ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ጉድጓድ ከግቢው በላይ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ውጭ። ሁለቱ ከታች፣ ተዳፋቱ ወደ ኔሪ ወንዝ በሚያወርድበት በኩል፤ አንዱ ከሽማግሌው ፓምፕ ሃያ እርምጃ ቀደም ብሎ። ሁለት ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ ማጣሪያው ግን የበጋውንም የክረምቱንም የውሃ ከፍታ እንዲሸፍን ሆኖ ይሰነጠቅ፣ አለዚያ የሚንሳፈፈው ነዳጅ ከላይ ያልፋል። ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው። በየወሩ ከፍታው ይለካ፤ በዓመት አራት ጊዜ ይቀዳ፣ ከአራቱ ሁለቱ ክረምት ላይ። መዝገቡን ሽማግሌው ቤት አስቀምጡት፤ ሽታ የሌለበትን ወርም ይጻፉበት።